ግራ እግር

እሑድ በማለዳ፣ ደጀን አፋፉ ላይ፣
ጉም ከበረሃው ሥር ሽቅብ ሲሳብ ሲታይ፣
ከጎሚስታው ደጃፍ ክብ ሠርተን ቆመናል፣
ኮፈን ተከፍቶልን ሙግት ጀምረናል።

ናሁሰናይ መጥቷል ሌሊት ከማርቆስ፣
አዲሷን መኪና በጨርቅ ሲያብስ፣
«ሁለት ፍሪሲዮን አላት» ይለናል ደጋግሞ፤
«አንዱ ገና ሳይለቅ ሌላው ይዟል ቀድሞ።
ሦስተኛ ላይ ሳለህ አራተኛው ዝግጁ፣
ዓይንህ ሳይርገበገብ ቀይሮታል በእጁ።»

«በማን እጅ?» አለ ይበልጣል፣
ጎማ ያጠቆረውን መዳፉን ዘርግቶ።
«እኔ እጅ አለኝ እኮ! ማነው የቀጠረልኝ
ሞግዚት አስመጥቶ?
መኪና ብትነዳት እንጂ ብትነዳህማ
ምኑን ሾፌር ሆንከው?
ትኬት ያልቆረጥክ ተሳፋሪ ነህ፤
ወንበሩ ነው የተለየው።»

«ሰዓት ይፍረደና፤ ከኩራር እስካፋፍ
አንተ ማርሽ ስትፈልግ እኔ ሻይ ይዤ ሳርፍ!»

ሳቁ። ተሟገቱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።
«ጋሼ አበጀ፣ እርስዎስ? እስቲ ይናገሩ።»

ምን ልበል?
እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያችን ቀይ ኤንትሬ፣
ካምቢዮዋን ጨብጬ፣ ጆሮ ሰጥቼ ለሞተሯ ወሬ፣
ይህን ቁልቁለት ወርጃለሁ፣ በወጣሁበት ማርሽ።
የጎጃም ልጅ አይደለሁ? «ጣፈጠኝ» እላት ነበር፣ «ማርሽ»።

ሁለት ፍሪሲዮንም ለኔ ብርቅ አይደለም፤
እሷ ሁለቴ ካልረገጥኩላት አትሰማም ነበር፣
አንዴ ለመንቀል፣ ዜሮ ላይ ነዳጅ ሰጥቼ፣ አንዴ ለመትከል።
አለዚያ ጥርሷን አፋጭታ ትሰድበኛለች፣
መንገደኛው እየሰማ።

ያልነገርኳቸው ግን አለ።
ግራ ጉልበቴ አልቋል። የማርቆሱ ሐኪም
ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ
«ትራሱ ተበልቷል» ሲለኝ ገባኝ፤ ዲስኩ ማለቱ ነው።
የመኪና ቢሆን አዲስ አበባ ልኬ አስገዛ ነበር።
ኤንትሬዋን የሸጥኩት ለዚህ ነው።
ለሰው ግን «ነዳጅ ተወደደ» አልኩ።

ናሁ ቁልፉን ሰጠኝ። ወረድን።
ግራ እግሬ ግራ ገባው፤
ሁለት ፍሪሲዮን ባለበት መኪና
አንድም የሚረገጥ አጣ።
ምንጣፉን ዳበሰ፣
በጨለማ ጫማ እንደሚፈልግ ሰው።
የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ በልማድ ዘሎ ፍሬኑን ረገጠ፤
ናሁ ከመስታወቱ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው፣
ሳቀ እንጂ አልተቆጣ።

ከኩራር በታች ግን፣ እውነት ላውራ፣ ደስ አለኝ።
ጉልበቴ ዝም አለ። ማርሹ እንደ ቅቤ ሄደ፣
ሞተሯ ትንፋሽ ሳትወስድ ዜማዋን አወረደች፣
የዓባይ ድልድይ ከሩቅ እንደ ክር ታየኝ።
ይበልጣል ከኋላችን በዲኤክሱ ይከተላል፤
በየጥምዙ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲሰጣት ይሰማል።
እሱም ደስ ብሎታል።
ቀናሁበት።

ስንመለስ ሲኖትራኮች ዳገቱን ሞልተውታል፣
ሁለት እርምጃ፣ ቁም። ሁለት እርምጃ፣ ቁም።
ቢጫ መብራት በራ፤ ጥርሳም ጎማ የመሰለ ሥዕል።
ከዚያ ሽታው መጣ። ያን ሽታ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፤
በእግር ይረገጥ፣ በኮምፒዩተር፣
የተቃጠለ ፍሪሲዮን ቋንቋው አንድ ነው።

ዳር ይዘን ቆምን። ናሁ ዝም።
ይበልጣል ደርሶ ወረደ። አሁን ይሳለቃል ስል፣
ድንጋይ ፈልጎ ከኋላ ጎማችን ሥር አኖረ፣
ኮፈኑን ከፈተ፣
አንድ ቃል አልወጣውም።

አፋፍ ላይ የቀሩት «ማን ረታ?» አሉን።
«ሲኖትራኩ» አልኩ።

ሌሊት ይታይሽ ቀሰቀሰችኝ፦
«ምን ነካህ? ግራ እግርህ ብርድ ልብሱን ይረግጣል።»
«ተኚ» አልኳት።
የትኖራን አልፌ፣ ሉማሜ ሳልገባ፣
ሦስተኛ ላስገባ ነበር።